የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ሥልጠና ለፖሊስና ለማኅበረሰብ፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

አብዛኛው የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ሥልጠና መልኩ አንድ ነው። አዳራሽ ይያዛል፤ ኃላፊ ይከፍታል፤ አንድ ባለሙያ መቶ የሚጠጋ ስላይድ ያነባል፤ በሁለተኛው ቀን ማታ የምስክር ወረቀት ይታደላል። በሳምንቱ ፖሊሱ የያዘውን ዱቄት እንደ ድሮው በፌስታል ቋጥሮ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ እናትም የልጇን ቦርሳ ስትበረብር ታመሻለች። ሥልጠናው ለዕውቀት እንጂ ለእጅ ሥራ ስላልተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ የተሰናዳው «ሠልጣኙ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ ምን አድርጎ ማሳየት አለበት?» ከሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነው።

1. ከተዘጉ መዝገቦች ጀምሩ

ሥልጠናው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ውሳኔ ያገኙ ወይም የተቋረጡ 20 ወይም 30 የአደንዛዥ ዕፅ መዝገቦችን ይዛችሁ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተቀመጡ። በእያንዳንዱ መዝገብ አምስት ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ፍተሻው በሕግ በሚጠየቀው ፈቃድና ታዛቢ መካሄዱን፣ ኤግዚቢቱ (በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ) በተያዘበትና በተመዘገበበት ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት፣ በስንት እጅ እንዳለፈና እያንዳንዱ ርክክብ መፈረሙን፣ የማሸጊያው ቁጥር ከቅጹ ጋር መመሳሰሉን፣ በጣቢያ የተመዘነው ክብደት ከላብራቶሪው ጋር መስማማቱን። ጉድለት ባገኛችሁበት ቦታ ምልክት አድርጉና ደምሩ።

የሥልጠናውን ሰዓት የሚያከፋፍለው ይህ ድምር ነው። ከ20 መዝገብ 12ቱ የርክክብ ፊርማ ከጎደላቸው፣ ስለ ዓለም አቀፍ ዝውውር መንገድ የታሰበው የሁለት ሰዓት ገለጻ ለርክክብ ልምምድ ቦታውን ይልቀቅ። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች፣ እ.ኤ.አ. የ1961ዱ፣ የ1971ዱና የ1988ቱ፣ ለጥበቃ ፖሊስ 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ቀሪው የሕግ ሰዓት በአገሩ የፍተሻና የብርበራ ሥነ ሥርዓት ላይ ይዋል።

በማኅበረሰቡ በኩል መዝገብ ስለሌለ ሰው ጠይቁ። ወላጆችን፣ መምህራንን፣ ወጣቶችን፣ ከሱስ ያገገሙ ሰዎችን ለየብቻ፣ ከ6 እስከ 8 እየሆኑ፣ ለአንድ ሰዓት አነጋግሩ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በቦታው አይኑር። ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፦ ምን ታያላችሁ? ስታዩ ለማን ትናገራላችሁ? እንዳትናገሩ የሚይዛችሁ ምንድን ነው? ሦስተኛው ላይ ጊዜ ስጡ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ስሜ ይወጣል የሚል ስጋት፣ አለዚያም ልጄ ይታከምልኛል ስል ይታሰርብኛል የሚል ፍርሃት ነው። እነዚህን ሥልጠና አይፈታቸውም። የፖሊስ ኃላፊው፣ ዐቃቤ ሕጉና የጤና ቢሮው ከሥልጠናው በፊት ተነጋግረው ግልጽ መልስ ይዘው መቅረብ አለባቸው። መልሱ ሳይዘጋጅ ሕዝብ መሰብሰብ እምነቱን ይሸረሽረው እንደሆነ እንጂ አይጠግነውም።

2. ሁለቱን ወገን ለዩ፣ በመጨረሻ አገናኙ

ፖሊስና ነዋሪ ከመጀመሪያው ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ነዋሪው በፖሊስ ፊት ስለ ጎረቤቱ አይናገርም፤ ፖሊሱም ስለ ፍተሻ ስህተቱ በነዋሪ ፊት አይጠይቅም። በዚያ ላይ የፍተሻና የክትትል ዘዴ ለሕዝብ የሚዘረዘር ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ለፖሊስ ሦስት ሙሉ ቀን፣ ለማኅበረሰቡ ሁለት ግማሽ ቀን፣ ለሁለቱም በጋራ አንድ ግማሽ ቀን መድቡ።

በአንድ ክፍል ከ24 ሠልጣኝ አታብዙ። በልምምድ ሰዓት ለ6 ሰው አንድ አሠልጣኝ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካለፈ ሁለቱ ሲሠሩ አራቱ ያወራሉ። ከአሠልጣኞቹ መካከል በሥራ ላይ ያለ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የላብራቶሪ ባለሙያና የጤና ባለሙያ መኖር አለባቸው። የላብራቶሪ ባለሙያዋን ወይም ባለሙያውን ለማምጣት ብዙ ጊዜ ይታከታል፤ ግን «እንዲህ ታሽጎ ከመጣ እመልሰዋለሁ» የሚል ቃል ከእነሱ አፍ ሲወጣ ከሌላው ሰው ገለጻ ሁሉ የበለጠ ይሰማል።

3. የሚያስፈልግ ዕቃ

ለእያንዳንዱ 6 ሰው ቡድን፦ እስከ አንድ አሥረኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ባለ 100 ግራም መፈተሻ ክብደት፣ ሲከፈት ምልክት የሚተው ቁጥር ያለው የኤግዚቢት ከረጢት 20፣ የወረቀት ከረጢት 10፣ መርፌ የማይበሳው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ 2፣ ኒትራይል ጓንት በሦስት ልክ፣ መለኪያ ማስመሪያ፣ ካሜራ፣ የማይለቅ ቀለም ያለው እስክሪብቶና በአገሩ በሥራ ላይ ያለው የርክክብ ቅጽ 30 ቅጂ። ለሥልጠና ተብሎ የተሻሻለ ቅጽ አትጠቀሙ፤ ሰኞ ጣቢያ ሲገቡ የሚያገኙት ያንኑ የድሮውን ነው።

እውነተኛ ዕፅ ወደ ክፍል አይገባም። ዱቄት ጨው፣ የደረቀ ሣርና መድኃኒት የሌለባቸው እንክብሎች በቂ ናቸው። በሁሉም ላይ «ለልምምድ ብቻ» ተብሎ ይጻፍ፤ ሲገቡም ሲወጡም ይቆጠሩ። አንድ የልምምድ ጥቅል በሰው ኪስ ተረስቶ ቢወጣ ከባድ ጣጣ ያመጣል።

4. የፖሊሱ ክፍል፦ ኤግዚቢት በእጅ

ይህ የሥልጠናው እምብርት ስለሆነ ከሦስቱ ቀን አንዱን ሙሉ ስጡት። ልምምዱ እንዲህ ይካሄዳል።

ሀ. አሠልጣኙ አስቀድሞ በአንዱ ጥቅል 47 ግራም፣ በሌላው 112 ግራም ጨው መዝኖ በአንድ ክፍል ውስጥ ይደብቃል። አንድ መርፌም፣ ጫፉ የተሸፈነ፣ በትራስ ሥር ያኖራል።

ለ. ቡድኑ ሲገባ ማንም ሰው ዕቃ ከመንካቱ በፊት ፎቶ ይነሣል፦ መጀመሪያ ክፍሉ በሙሉ፣ ቀጥሎ ዕቃው ያለበት ቦታ፣ ከዚያ ዕቃው በቅርበት ከማስመሪያ ጋር። ትራስም ሆነ ኪስ እጅ ከመግባቱ በፊት በዓይን ይታያል። እጁን ቀድሞ የሰደደ ሠልጣኝ መርፌዋን ያገኛታል፤ ሁለተኛ አይረሳትም።

ሐ. ሚዛኑ ከመመዘኑ በፊት በ100 ግራም ክብደት ይፈተሻል። እዚህ ላይ ወጥመድ አስቀምጡ፦ የአንዱን ቡድን ሚዛን 3 ግራም አዛቡት። ሳይፈትሽ የመዘነ ቡድን 47ቱን 50 ብሎ ይጽፋል። ቅጹን ለዐቃቤ ሕጉ ሲያቀርብ «3 ግራሙ የት ገባ?» የሚለውን ጥያቄ በሰው ሁሉ ፊት ይመልስ። በእውነተኛ ችሎት ያው ጥያቄ የሚመጣው ከተከላካይ ጠበቃ ነው።

መ. ክብደቱ ከነማሸጊያው መሆኑ ወይም ያለማሸጊያው መሆኑ በቃል ይጻፍ። በጣቢያና በላብራቶሪ መካከል የሚታየው የክብደት ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንዱ ከነጥቅሉ፣ ሌላው ዱቄቱን ብቻ ስለመዘነ ነው። ሌባ የለም፤ የጎደለው አንድ ቃል ነው።

ሠ. ታሽጎ ሲያልቅ ፊርማውና ቀኑ ግማሹ በማሸጊያው ፕላስተር ላይ፣ ግማሹ በከረጢቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይጻፋል። ፕላስተሩ ተነሥቶ ቢመለስ ፊርማው አይገጥምም። በኋላ ላብራቶሪው ሲከፍተው የመጀመሪያውን እሽግ ሳይነካ በሌላ በኩል ቀድዶ፣ ጨርሶ የራሱን እሽግ ይጨምርበታል።

ረ. ኤግዚቢቱ ከያዡ ወደ መርማሪ፣ ከመርማሪ ወደ ኤግዚቢት ክፍል፣ ከዚያ ወደ ላብራቶሪ ሦስት ጊዜ ይተላለፋል። በየርክክቡ የሰጪና የተቀባይ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ሰዓትና ምክንያት ይሞላል። በልምምዱ መካከል አንዱን ተቀባይ ሆን ብላችሁ «ለሻይ ዕረፍት» አስወጡት። ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ ጥለው የሄዱትን ቁጠሩ።

ዕፀዋትን በተመለከተ ቃል ከሚበዛ አሳዩ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 200 ግራም እርጥብ ሣር በወረቀት ከረጢት፣ ሌላ 200 ግራም ደግሞ በፕላስቲክ አሽጉና ግድግዳው ሥር አስቀምጡ። በየቀኑ ጠዋት ሠልጣኞቹ ራሳቸው ይመዝኑ። በወረቀት ያለው እየደረቀ ክብደቱ ይወርዳል፤ በፕላስቲክ ያለው ያልበዋል፣ ሙቀት ካለም ይበሰብሳል። ካናቢስም እንዲሁ ነው። ሲያዝ የነበረው ክብደትና ከወራት በኋላ ችሎት ላይ የሚገኘው አይመሳሰልም፤ ስለዚህ እርጥብ መሆኑ በተያዘበት ዕለት በቅጹ ላይ ካልተጻፈ፣ የተሰረቀ ይመስላል።

የቀለም ምርመራ «ምናልባት» እንጂ «ነው» አይልም

የመስክ መመርመሪያ ኪት ካላችሁ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሰዓቱ ስለ ስህተቱ ይሁን። የማርኪስ ሪኤጀንት (ዕፅ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ የመመርመሪያ ፈሳሽ) ከሄሮይንና ከሞርፊን ጋር ወደ ወይን ጠጅ፣ ከአምፌታሚን ዓይነቶች ጋር ወደ ብርቱካናማ ቡናማ ይለወጣል። ለኮኬይን የሚያገለግለው የኮባልት ታዮሳያኔት ምርመራ ሰማያዊ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለአለርጂ በሚወሰደው ዳይፈንሃይድራሚንና በማደንዘዣው ሊዶኬይንም ሰማያዊ ሊያሳይ ይችላል። ይህን በዓይን ለማሳየት የላብራቶሪ ባለሙያው አንድ የአለርጂ እንክብል ፈጭቶ በክፍል ውስጥ ይመርምር። ሰማያዊውን ሲያዩ የሚወርደው ዝምታ ከአሥር ስላይድ ይበልጣል።

ማርኪስ ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድና ፎርማልዲሃይድ ስላለበት ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። የኪቱ የአገልግሎት ጊዜ፣ የክፍሉ ብርሃንና ሙቀትም ውጤቱን ያዛባሉ፤ ከመንገድ መብራት ሥር የተነበበ ቀለም አያስተማምንም። ሠልጣኙ በቅጹ ላይ «ኮኬይን ተገኘ» ብሎ ሳይሆን «የመስክ ምርመራው ሰማያዊ አሳይቷል፤ ለላብራቶሪ ተልኳል» ብሎ እንዲጽፍ አስለምዱት።

ስለ ራስ ጥንቃቄ

ስለ ፈንታኒል፣ በፋብሪካ ስለሚሠራው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ፣ ብዙ ወሬ ይናፈሳል። ከሄሮይን 50 ጊዜ ገደማ ኃይለኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ዱቄቱ ቆዳ ስለነካ ብቻ ሰው ተዝለፍልፎ ይወድቃል የሚለው ግን አይደለም። የአሜሪካ የቶክሲኮሎጂ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ በተለካው ከፍተኛ የአየር ክምችት ውስጥ እንኳ ያለ መከላከያ የቆመ ሰው ለሕክምና የሚሰጠውን 100 ማይክሮግራም ለመውሰድ 200 ደቂቃ እንደሚፈጅበት አስልተዋል። ፍርሃቱ ጉዳት አለው፦ የደነገጠ ፖሊስ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ሳይረዳ ይሸሻል። ትክክለኛው ጥንቃቄ ኒትራይል ጓንት፣ ዱቄት በሚታይበት ቦታ ኤን95 ጭንብል፣ ፊትን አለመንካት፣ ዱቄቱን አለማቡነን ነው። ዱቄት እጅ ከነካ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ የአልኮል ሳኒታይዘር ዱቄቱን አያስወግድም፣ ወደ ቆዳም ሊያሰርገው ይችላል።

ዕፅ የሚመረትበት ቤት ከተገኘ ደግሞ ትምህርቱ አጭር ነው፦ አትሽትቱ፣ ዕቃ አታንቀሳቅሱ፣ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ ወጥታችሁ አካባቢውን አጥሩና ልዩ ባለሙያ ጥሩ። የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ በተጠራቀመ ትነት ላይ ፍንዳታ ሊያስነሣ ይችላል።

5. ሁለቱም ወገን የሚማረው፦ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ማትረፍ

ይህን ትምህርት በሁለት ሰዓት ማስተማር ይቻላል፤ የልምምድ አሻንጉሊትና ባዶ የናሎክሶን (የኦፒዮይድን መመረዝ የሚቀለብስ መድኃኒት) የአፍንጫ መርጫ ይፈልጋል። በኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሄሮይን፣ ሞርፊንና ፈንታኒል ባሉ ዕፆች፣ የተመረዘ ሰው ሦስት ነገር ያሳያል፦ አይነቃም፣ ትንፋሹ ይዘገያል ወይም ያንኮራፋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። ከንፈርና ጥፍር ሊጠቁር ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጮክ ብሎ መጥራት፣ ደረቱ መካከል ያለውን አጥንት በጣት አንጓ ማሸት። ካልነቃ አምቡላንስ መጥራት። በጀርባው አስተኝቶ ራሱን ወደ ኋላ አቅንቶ 4 ሚሊግራሙን መርጫ በአንድ አፍንጫ እስከ መጨረሻው መጫን። ካልተነፈሰ በየ5 ወይም 6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ እፍ ማለት። ልቡም የቆመ ከመሰለ የአምቡላንስ ባለሙያው በስልክ እያዘዘ ደረቱን መጫን። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቆ ለውጥ ከሌለ በሌላኛው አፍንጫ ሁለተኛውን መስጠት። ሲተነፍስ በጎኑ አስተኝቶ እስኪደርሱለት ድረስ አብሮት መቆየት።

በልምምድ ጊዜ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት መርጫውን «ይሠራ እንደሆነ» አየር ላይ መሞከር ነው። ውስጡ አንድ መጠን ብቻ ነው ያለው፤ ከተሞከረ አለቀ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከማሸጊያው አውጥቶ፣ ሳይሞክር፣ አንዴ ይጫን። ሁለተኛው ስህተት ሰውየው ነቅቷል ብሎ መተው ነው። የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል፤ ዕፁ ግን ከዚያ በላይ ሊቆይና ትንፋሹን መልሶ ሊያቆመው ይችላል። በኮኬይን፣ በሜታምፌታሚን ወይም በአልኮል ላይ ናሎክሶን አይሠራም፤ ሆኖም ምን እንደወሰደ ካልታወቀ ቢሰጠው የከፋ ጉዳት አያመጣም። ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፣ በጥፊ መምታት፣ ወተት ማጠጣት ከዝርዝሩ ይውጡ።

6. የማኅበረሰቡ ክፍል

ለወላጅ «የዕፅ ተጠቃሚ ምልክቶች» የሚል ዝርዝር ሰጥቶ መላክ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ያደርገዋል። ዓይን መቅላት፣ እንቅልፍ መዛባት፣ ውጤት መውረድ፣ ጓደኛ መለወጥ ተብሎ ሲነበብ ግማሹ ጎረምሳ ተጠርጣሪ ይሆናል። ዝርዝሩን ከሰጣችሁ አብራችሁ ጥንድ ልምምድ ስጡ፦ አንዱ ወላጅ፣ አንዱ ልጅ ሆነው ለ5 ደቂቃ ይነጋገሩ። ወላጁ ያየውን ይናገር፣ ይጠይቅ፣ ያዳምጥ፤ አይበርብር፣ አይዛት። ከዚያ ይቀያየሩ። ልጅ ሆኖ የተቀመጠው አባት «አሁን መናገር አልፈልግም» ሲል ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ ግን ገብቶታል።

ማስፈራራት አይሠራም። የሬሳ ፎቶ፣ የተበላሸ ሳንባ፣ «አንዴ ከቀመስክ አበቃልህ» የሚል ንግግር ወጣቱን ለጊዜው ያስደነግጠው እንጂ ጠባዩን አይለውጠውም። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ቢሮና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽለው ያወጡት የመከላከል መመዘኛ የሚያበረታታው ልምምድ ያለበትን የሕይወት ክህሎትና የወላጅነት ሥልጠናን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው «ዴር» (D.A.R.E.) የተባለው የትምህርት ቤት ፕሮግራም ፖሊስን ክፍል አስገብቶ ሲያስተምር ለዓመታት በሰፊው ተወዶ ነበር፤ ተደጋግሞ ሲገመገም ግን የመጀመሪያው ሥርዓተ ትምህርቱ የዕፅ አጠቃቀምን በመቀነስ ረገድ ይህ ነው የሚባል ውጤት አላሳየም፤ በኋላም ተለውጧል። ተማሪውም፣ ወላጁም፣ ፖሊሱም ወደውት ነበር። መወደድ መለኪያ አይሆንም።

ለቃላት ጥንቃቄ 20 ደቂቃ ስጡ። «ሱሰኛ»፣ «ዱርዬ»፣ «የተበላሸ» የሚሉትን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ሠልጣኞቹ ራሳቸው ምትክ ይፈልጉ፤ «በሱስ የተያዘ ሰው»፣ «ሕክምና ላይ ያለ» ወደሚለው ይደርሳሉ። ነገሩ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ስድብ የሚጠብቀው ሰው እርዳታ ፍለጋ አይመጣም።

ነዋሪውን መርማሪ አታድርጉት። መከታተል፣ ፎቶ ማንሣት፣ መግዛት የመሰለ ነገር በፍጹም አይታዘዝም፤ አደጋው በእሱና በቤተሰቡ ላይ ነው። ጥቆማ ሲሰጥ የሚበቃው ምን አየ፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ የሚለው ነው። «እገሌ ነጋዴ ነው ይላሉ» ከሚል ጥቆማ «ከማታው 2 እስከ 4 ሰዓት በዚህ በር የተለያዩ ሰዎች እየመጡ ከ1 ደቂቃ በታች ቆመው ይሄዳሉ፤ በሳምንት አራት ቀን አይቻለሁ» የሚለው ይጠቅማል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ጽፋችሁ አሳዩ፤ የመጀመሪያው ለግል ቂም መወጫም ስለሚውል ፖሊሱም መጠንቀቅ እንዳለበት ንገሩ።

7. የጋራው ግማሽ ቀን

በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ፖሊስ፣ አራት ነዋሪ፣ አንድ የጤና ባለሙያ አስቀምጡ። አንድ ጉዳይ ስጧቸው፦ የ16 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቂት እንክብል ይዞ ተገኘ። ማን መጀመሪያ ይጠራል? ወላጅ መቼ ይነገረዋል? መቼ ወደ ሕክምና፣ መቼ ወደ ፖሊስ ይሄዳል? እያንዳንዱ ጠረጴዛ በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ስልክ ቁጥሮቹም ይሞሉ። ጥያቄ ሲበዛ ኃላፊዎቹ እዚያው ይመልሱ፤ «እናጣራለን» የሚባለው መልስ ቀንና ባለቤት ይኑረው። ንግግር የሚያበዛ እንግዳ ካለ በመክፈቻው ላይ 10 ደቂቃ ሰጥታችሁ እዚያው ጨርሱት።

8. ከሥልጠናው በኋላ

መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያው 15 ጥያቄ ይሰጥ፤ ከዚያ ግን አትቁሙ፤ የፈተና ውጤት በአንድ ቀን ይወጣል፣ በሁለት ወር ይረሳል። በ30ኛው ቀን አሠልጣኞች ወደ ጣቢያው ሄደው ከኤግዚቢት ክፍሉ 5 ከረጢት በዕጣ አንሥተው እሽጉን፣ ፊርማውንና ቅጹን ያስተያዩ። በ90ኛው ቀን አዲስ የተከፈቱ 20 መዝገቦችን አውጥታችሁ በመጀመሪያ የቆጠራችኋቸውን አምስት ጉድለቶች እንደገና ቁጠሩ። በማኅበረሰቡ በኩል በተሰጣቸው ስልክ ስንት ሰው ደወለ፣ ስንቱ መልስ አገኘ፣ ስንቱ ወደ ሕክምና ተላከ የሚለውን መዝግቡ። ደዋዩ ቀንሶ ከሆነ መጀመሪያ ስልኩ በሥራ ሰዓት ይነሣ እንደሆነ ራሳችሁ ደውላችሁ ሞክሩ።

የፊርማው ጉድለት ቀንሶ የክብደቱ ልዩነት እንዳለ ከቆየ ሌላ ሥልጠና አትጥሩ። ጣቢያው ሄዳችሁ ሚዛኑን እዩት፤ ባትሪው አልቆ ወይም ከጅምሩ ሳይኖር በቅርብ ካለ ሱቅ እየተመዘነ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ለቀጣዩ አዳራሽ ኪራይ የተያዘው ገንዘብ ለሚዛንና ለመፈተሻ ክብደት ይዋል።